ከየት ቆጥረሽ?

ስልኩ የጮኸው ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ ሳለ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ፕሮግራም መጻፍ አስተምራለሁ፤ የዚያን ዕለቱ ትምህርት ደግሞ በየዓመቱ ተማሪዎቼን የሚያስቸግረው፣ ከፋይል ውስጥ የማንበብ ትምህርት ነበር። ፋይል ስትከፍቱ፣ እላቸዋለሁ፣ አንድ የማይታይ ጣት መጀመሪያው ላይ ይቆማል። ባነበባችሁ ቁጥር ጣቱ ወደፊት ይሄዳል። መሀሉን ብቻ ከፈለጋችሁ ከላይ ጀምሮ ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም፤ ጣቱን አንስታችሁ የፈለጋችሁበት ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ግን ለማሽኑ ሁለት ነገር መንገር አለባችሁ፤ ስንት እርምጃ እንደሚሄድና ከየት እንደሚቆጠር። ከመነሻው ነው? አሁን ካላችሁበት ነው? ወይስ ከመጨረሻው? ይህን ሁለተኛውን የሚረሳ ተማሪ አይጠፋም። ቁጥሩን አስተካክሎ ይጽፍና መነሻውን ይስታል፤ ማሽኑም አንዲት ቃል ሳይናገር ሌላ ቦታ ወስዶ ያስቀምጠዋል።

"እትዬ የሻረግ፣ ሰይድ ነኝ፣ ከቆቦ" አለኝ የደወለው። "ጋሽ እንድሪስ ሞቱ። ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው።"

ቆይቼ እደውልልሃለሁ አልኩት። ሰይድ ማን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ። ተማሪዎቹ ያዩኛል፤ እኔም ዞሬ ሰሌዳውን አየሁ። በትልቁ የጻፍኩት "ከየት ተቆጥሮ?" የሚል ነው። ጥያቄው የኔ እንኳ አይደለም። የጋሽ እንድሪስ ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ በፊት ከእሳቸው የተማርኩት። ቀሪውን ሰዓት ማስተማር አቅቶኝ ልጆቹን አሰናበትኳቸው።

ጋሽ እንድሪስ በደርግ ጊዜ ቆቦ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ከዋናው አስፋልት ዳር ናት፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጣሪያዋ የሚንቀጠቀጥ የቆርቆሮ ክፍል። ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። የመነጽራቸው አንዱ እጅ ከተሰበረ ጀምሮ በመዳብ ሽቦ ተተክቷል። ከጆሯቸው ኋላ እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ግን ለመጻፊያ አልነበረም። የካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ከትተው ክሩን የሚያዞሩበት ነው። የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ ስለማይገኝ ካሴት በቴፕ ማጠንጠን ለእሳቸው ጥጋብ ነበር።

ሰው "እንድሪስ ከየት" ይላቸዋል። አንዱ መጥቶ "የወልድያው አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይደርሳል" ካለ፣ "ከየት ቆጥረህ? ከአሁን ነው ከተነሳበት?" ይላሉ። "ቤቱ አራተኛው ነው" ካሏቸው፣ "አራተኛ የሚባል ቤት የለም፤ ከየት ሆነህ ነው የቆጠርከው?" ገበያተኛው ይስቅባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ግን መልሱን ሳያገኙ አይለቁም።

ቆቦ ላይ ብትጠይቁ ሰው የሚያወራላችሁ ይህን ቀልዳቸውን ነው። እኔ አብልጬ የማስታውሰው ግን ፍርሃታቸውን ነው። አስፋልቱ ላይ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር እጃቸው ላይ ያለው ካቻቢቴ አየር ላይ ይቆማል። በር ሲከፈት፣ ሰው ሲወርድ በጆሯቸው ይቆጥራሉ። መኪናው ሲነሳ ነው ካቻቢቴው ወደ ሥራው የሚመለሰው። ታናሽ ወንድማቸው በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት ከዚያችው ሱቅ በር ላይ በመኪና ተወስዶ ቀርቷል። የት እንደደረሰ የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም ማንንም ጠይቀው አያውቁም።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ ቤት የዋልኩ፣ በሆነው ባልሆነው የምቆጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሱቃቸውን አንድ ጥግ ሰጥተውኝ፣ መጻፍ ለማይችል ሰው ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ያ ክፉ ድርቅ ባለፈ በዓመቱ ሥራው በዛ። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ ብዙ ሰው ለሰፈራ ወደ ወለጋ ተወስዷል፤ ባል ሄዶ ሚስት የቀረችበት፣ ልጅ ሄዶ እናት የቀረችበት ቤት ስንቱ ነው። ብዕሬን ይዤ አለሁላችሁ ስል ካሴት መጣና ሥራዬን በላው። ሰፋሪዎቹ አንዱን ቴፕ ከበው ተራ በተራ ይናገሩና ካሴቱን በኤንትሬ የጭነት መኪና ሹፌር ይልኩታል። ማን የኔን ደብዳቤ ይፈልጋል? ከሰው አፍ የወጣ ድምፅ እያለ። አኩርፌ ጥጌ ተቀመጥኩ።

"አታኩርፊ፣ የሻ" አሉኝ ጋሽ እንድሪስ። "እስካሁን ደብዳቤ ጻፊ ነበርሽ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤ ፈላጊ ትሆኛለሽ።"

እውነታቸውን ነው። በአንድ ካሴት ላይ አሥራ አራት ሰው ይናገራል፤ የአንዱ ስንብት ሳያልቅ የሌላው ሰላምታ ይጀምራል። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ የአንዱን ለሌላው አያሰሙም። "የሰው ደብዳቤ ነው" ይላሉ። ስለዚህ ለመጣው ሁሉ የራሱን ቦታ ብቻ መፈለግ ያስፈልጋል። ቴፑ ላይ ሦስት አኃዝ የምታሳይ ትንሽ መስኮት ነበረች፤ ክሩ ወደፊት ሲሄድ ቁጥሩ ይጨምራል። አጠገቧ ያለችውን አዝራር ስትጫኑ ሦስቱም ዜሮ ይሆናሉ። ጋሽ እንድሪስ አዲስ ካሴት ሲመጣ ወደ መጀመሪያው ያጠነጥኑትና ዜሮ ያስይዛሉ፤ ከዚያ ተናጋሪው ማን እንደሆነና ስንት ቁጥር ላይ እንደሚጀምር እንመዘግባለን። "ዜሮሽ የት እንዳለ ሳታውቂ አትቁጠሪ" ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ።

መዝገባችን አንድ ደብተር ነው፤ የሚከፈተው ግን ከሁለት ወገን። እኔ ከፊት በኩል በአማርኛ እጽፋለሁ። እሳቸው የተማሩት ቁርዓን ቤት ነው፤ አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉታል፤ በእኛ አገር እንዲህ የሚጽፍ ብዙ ነበር። ስለዚህ እሳቸው በኔ ጀርባ፣ እኔ በእሳቸው ጀርባ እንጀምራለን። "መሀል ላይ ስንገናኝ አዲስ ደብተር እንገዛለን" ይሉኛል። ሥራ ሲጠፋ ፊደሉን ያስተምሩኝ ስለነበር ስም ማንበብ ለመድኩ። ቁጥሩን አላስተማሩኝም። ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ እኔም አልጠየቅኩ።

አንድ ቀን አዲስ ካሴት መጣ። ጋሽ እንድሪስ በጆሮ ማዳመጫ ብቻቸውን እየሰሙ ሲመዘግቡ አንዱን ስም በእሳቸው በኩል ብቻ ጻፉት። አጮልቄ አየሁና ፊደል ቆጥሬ አነበብኩት። ይማም።

ይማም ሮቢት አጠገብ ካለ ገጠር የእርዳታ እህል ሊቀበል እንደወጣ ለሰፈራ የተጫነ ሰው ነው። ሚስቱ አሚናት ያኔ አራስ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ልጇን አዝላ ትመጣና በር ላይ ቆማ "የኛ ሰው መጣ?" ትላለች። የለም እንላታለን፤ ትሄዳለች። እና ስሙን ሳይ ደስ አለኝ።

"የይማም መጣ? እሰይ፣ አሚናት ልትሰማ ነው" አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በሩን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ "በአማርኛው በኩል አትጻፊው" አሉኝ። "ጠፍቶ ሊመጣ ነው። መንገዱንም ወሩንም ተናግሯል። ይህን ሌላ ጆሮ ከሰማው ኬላ ላይ ጠብቀው ነው የሚይዙት፤ አለቀለት ማለት ነው። አሚናት ለገበያ እስክትመጣ ሦስት ቀን አለ። ሦስት ቀን ይህን ቦታ ማንም አይሰማም።"

ያን ቀንና በማግስቱ መኪና በቆመ ቁጥር እኔም መቁጠር ጀመርኩ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጋሽ እንድሪስ ለሶላት ወጡ። ወዲያው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገባና የእሳቸውን በርጩማ ስቦ ቴፑ አጠገብ ተቀመጠ።

"ከሰፈራ የሚጠፉ ሰዎች በካሴት ነው የሚላላኩት የሚል ወሬ አለ" አለ። "እስቲ የመጣውን አጫውቺ።"

"ጋሽ እንድሪስ አሁን ይመጣሉ፣ ጓድ።"

"አንቺ አትችይም?"

እችላለሁ አልኩ። በዚያ ክፉ ቀን አንደበቴ ምን ነክቶት እንደቸኮለ አላውቅም። ምናልባት አልችልም ማለትም የባሰ ይሆን ነበር፤ እሱን እያልኩ ነው ራሴን የማጽናናው።

ሁሉን ልስማ አላለም፤ ስብሰባ አለብኝ አለ። "ከዚህም ከዚያም ነካ ነካ አድርጊልኝ።" ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩ፤ ዜሮ አስያዝኩ። ደብተሩን በጋሽ እንድሪስ በኩል ገልጬ በዓይኔ ጭራ የይማምን ስም ፈለግሁ። ከአጠገቡ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና ሁለት ክብ አለ። አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አንድ መቶ። በልቤ ተመስገን አልኩ፤ የምሸሸው ቦታ ታወቀ።

ሃያ ላይ አጫወትኩለት፤ አንዲት ሴት ፍየሎቿን በየስማቸው ሰላም ትላለች። ሰባ ላይ አጫወትኩ፤ አንድ ጎልማሳ የጎረቤቱን ልጅ ሠርግ ይጠይቃል። "ወደፊት አሳልፊ" አለኝ። መቶን ሳልፍ ጣቴ ላብ በላብ ሆኖ አዝራሩ ላይ ይንሸራተት ነበር። መቶ አርባ፣ መቶ አርባ አምስት፣ መቶ ሃምሳ። አሁንስ አለፍኩት ብዬ ተነፈስኩና ለቀቅኩት። አንድ ሽማግሌ ምርቃት እየጨረሱ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው አጭር ሳል ሳለና፣ "አንቺ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አሁን የምነግርሽን ስሚ" አለ።

ቀና ስል ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ማን እየተናገረ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ፣ ከፊታቸው ላይ ነው።

"ከየት ቆጥረሽ ነው?" አሉኝ። ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ጮኹብኝ። መጥተው ቴፑን ቀጥ አደረጉት። "ዜሮ ሳትይዢ ማን ንኪ አለሽ? ክሩን ልትበጥሺው ነው? ይቅርታ ጓድ፣ ልጅ ናት፣ ሥራውን አታውቀውም።"

"ምንም አልሆነም" አለ ሊቀመንበሩ። "ያንኑ መልሰህ አሰማኝ። መቶ ሃምሳ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ።"

"እሺ፣ ጓድ። በደንቡ አድርጌ ነው የማሰማዎት።"

ወደኋላ ማጠንጠን ጀመሩ። ቁጥሩ ወረደ፤ መቶ፣ ሰማንያ፣ ሰባ። ስልሳ ላይ ሲደርስ አቆሙት። መጀመሪያው አልደረሰም። አውራ ጣታቸው መስኮቷን ጋርዶ አዝራሯን ተጫኑ፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ሦስት ዜሮ ሆኗል። "ይኸውልዎ፣ ዜሮ ያዝን" አሉ። ከዚያ ወደፊት። ሊቀመንበሩ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን ይከተላል። መቶ ሃምሳ ላይ ለቀቁት።

"አንቺ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አሁን የምነግርሽን ስሚ። ጥቁሩን በሬ እንዳትሸጪው።"

የጎብዬው አሊ ነው። ከእውነተኛው መነሻ ሲቆጠር ሁለት መቶ አሥር ላይ የሚጀምር። በእኛ አገር ባል ሚስቱን በስሟ ሲጠራት አይሰማም፤ ሰፋሪዎቹም ተራ ሲጠብቁ አንዱ ከሌላው እየሰማ ሰላምታቸው ሁሉ አንድ ሆኖ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ይህን ሁሉ፣ መቀነሱንም ጭምር፣ በሩ ላይ ቆመው በዚያች ቅጽበት አስበውታል። መቶ ሃምሳ ያው መቶ ሃምሳ ነው፤ ዜሮው ብቻ ነው ከቦታው የተነሳው።

ሊቀመንበሩ የአሊን በሬ ወሬ ትንሽ ሰማና ተሰላችቶ ተነሳ። ተርፈናል ስል በሩ ላይ ዞረ።

"ካሴቱን ግን አውራጃ እልከዋለሁ። እዚያ ቁጭ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሰው አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብዮት ጠባቂ ይመጣል፤ ስጡት።"

ሲሄድ ጋሽ እንድሪስ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። አሚናት ሮቢት ናት፤ ሰው ልከን እስክትመጣ አይደርስም፤ ቢደርስም ሰው ያያል።

"መቶ ይላል ብዬ ነው" አልኩ። "መቶን አልፌ ነው የሄድኩት፣ በእመቤቴ። እዩት።" ደብተሩን ሰጠኋቸው። ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

ጣታቸውን ሁለቱ ክቦች ላይ አደረጉ። "ይህች ዜሮ አይደለችም፣ የሻ" አሉ ቀስ ብለው። "በዓረብኛ አምስት ናት። ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው። መቶ ሃምሳ አምስት ይላል።" ከዚያ፣ "እኔ ነኝ ያላስተማርኩሽ" አሉ።

ክሩ ተበላ እንበል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለምን ተበላ ብለው የተናገረውን ሁሉ በያለበት ነው የሚይዙት። አሥራ አራት ሰው ነው። አንዱን ብቻ ነው ማጥፋት ያለብን።" ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት፤ እነሱ ከተሰበሩ በላዩ ሌላ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። ጋሽ እንድሪስ የሰው ቃል በስህተት እንዳይጠፋ ብለው የመጣውን ካሴት ሁሉ ጥርሱን ይሰብሩት ነበር። አሁን ራሳቸው ቀዳዳውን በፕላስተር ደፈኑት።

ግን መጀመሪያ ሊሰሙት ፈለጉ። "ልጻፈው፣ ይንገሩኝ" ብላቸው እንቢ አሉ። "ወረቀት ሲፈትሹ ይገኛል። አንቺ መንገዱን ጠብቂ።" የጆሮ ማዳመጫውን ሰክተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንዴ አስፋልቱን፣ አንዴ እሳቸውን አያለሁ። ቁርዓን ቤት እንደሚቀራ ልጅ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዙ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዴ ሰሙት። መለሱት። ሁለቴ ሰሙት። መለሱት። በሦስተኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ላብ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጠሩኝ። "ከሱ ቀጥላ የምትናገረው እናት ፋጡማ መቶ ሰባ ሦስት ላይ ነው የምትጀምረው። ካለፍኩ የሷን ቃል እቆርጠዋለሁ። ቁጥሩን እዪ፤ መቶ ሰባ ሲሆን እጅሽን አንሺ።" ጠረጴዛው ሥር ከቴፑ ጋር ጎንበስ አሉ። በሩን መዝጋት አልቻልንም፤ በቀን የተዘጋ ሱቅ ራሱ ወሬ ነው። ልክ መቶ ሃምሳ አምስት ላይ የመቅጃውን አዝራር ተጭነው፣ በራሳቸው ድምፅ በሰፋሪዎቹ ሰላምታ ጀመሩ። "አንቺ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰፈራው ደህና ነው። በቆሎው ደርሷል…" አስፋልቱ ላይ መኪና ፍሬን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አላዩም፤ በቆሎውን ማውራት ቀጠሉ። እጄን አነሳሁ። "በይ ደህና ሁኚ" አሉና መቶ ሰባ ሁለት ላይ ቆሙ። ስናሰማው የእናት ፋጡማ "ልጆቼ" የምትለው ቃል ሳትነካ ነበረች።

አብዮት ጠባቂው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ካሴቱን በእጃቸው ሲያነሱት፣ በላዩ መቀዳቱን የሚያጋልጠው ፕላስተር እንደተለጠፈ አየሁ። እሳቸውም አዩት። "አቧራውን ላራግፍልህ" ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው በጥፍራቸው ላጡት፤ እፍ እፍ አሉበት፤ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። ሰውየው ሲሄድ ከሱቁ ጀርባ ወጥተው ሲያስመልሱ ሰማሁ።

ካሴቱ ተመልሶ አልመጣም። ሊጠይቀን የመጣ ሰውም የለም፤ ግን ዛሬ ነው ነገ ነው እያልን ወራት ጠበቅን።

በገበያው ቀን አሚናት ሰይድን አዝላ መጣች። አዎ፣ ሰይድ፤ የደወለልኝ ሰይድ። ጋሽ እንድሪስ ወደ ጓሮ ወሰዷት፤ እኔ ልከተል ስል "የሷ ደብዳቤ ነው" ብለው መለሱኝ። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እሳቸው ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ። ሲጨርሱ የሆነ ነገር አለቻቸውና እንደገና ጀመሩ።

ይማም አልመጣም። አሚናት በነገራት ቦታ ማሽላው እስኪታጨድ ጠበቀች፤ ታጭዶ እስኪከመር ጠበቀች። ተያዘ፣ ታመመ፣ መንገድ ላይ ቀረ፣ የሚያውቅ አልተገኘም። በየገበያው መምጣቷን ግን አልተወችም።

"እንደገና ይበሉልኝ" ትላለች።

"ከየት?" ይሏታል ጋሽ እንድሪስ።

አንዳንድ ቀን "ከመነሻው"፣ አንዳንድ ቀን "ማሽላው ካለበት"፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ "መጨረሻዋን ብቻ" ትላለች። እኔም ሳልነገር ተነስቼ እወጣለሁ። ያንን ካሴት ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚለው ነገር ሲከነክነኝ አንድ ቀን አነሳሁላቸው። "አንቺ ምን አጠፋሽ? አምስቴ ናት ወፍራ ዜሮ የመሰለችው" አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ዜሮ በጻፍኩ ቁጥር አንገታቸውን አስግገው "ዜሮ ነው አምስት?" ማለት ልማዳቸው ሆነ። ሌላ ነገር አንድም ቀን አልነገሩኝም።

እንግዲህ ሰይድ በደወለልኝ ዕለት ከሰዓት በኋላ መልሼ ደወልኩለት። ቀብሩ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት። ጋሽ እንድሪስ በመጨረሻ ዘመናቸው ልጆቻቸውን እንኳ አይለዩም ነበር አለኝ።

"ያቺን የአባቴን ቃል ግን አልረሷትም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ነበርኩ የምሄደው። 'ከመነሻው' ካልኳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሉልኛል፤ አንድ ቃል አይዘሉም። ለኔ የአባቴ ድምፅ የሳቸው ድምፅ ነው።"

ያን ሁሉ ዘመን ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ። "መጨረሻዋ ምን ትላለች?"

"አያውቋትም እንዴ?"

"አላሰሙኝም።"

በጋሽ እንድሪስ አወራረድ፣ "'እኔ ባልደርስ፣ ይህችን ካሴት ለሰይድ አስቀምጪለት። ሲያድግ ድምፄን ይወቀው'" አለኝ።

መነጽራቸውን አውልቀው የጠረጉት እሱን ሲሰሙ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እጃቸውን አዝራሩ ላይ አሳርፈው ያንኑ ቃል አጠፉት፤ ከኔም ዕድሜ ልካቸውን ደበቁት። አልቻልኩም፤ ስልኩ ላይ አለቀስኩ። አምስቷን ዜሮ ብዬ ያነበብኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ካሴቱ የጠፋው በኔ እንደሆነ ለሰይድ ነገርኩት።

"እሳቸው እኔ ነኝ ያጠፋሁት ነው ያሉኝ" አለ። "እርስዎ ግን… ድምፁን ሰምተዋል?"

"ትንሽ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም።"

"ምን ዓይነት ነበር?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። "ወፍራም አይደለም። ትንሽ ሻከር ይላል። መጀመሪያ ሳለ፤ አጭር ሳል፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው። ከዚያ 'አንቺ' አለ።"

በወዲያኛው በኩል መኪና ሲያልፍ ይሰማል፤ የቆቦው አስፋልት ነው።

"ሳሉን ነግረውኝ አያውቁም" አለ ሰይድ። "እንደገና ይበሉልኝ።"

"ከየት?" አልኩት።

"ከሳሉ" አለኝ።